ላልቶም ጠብቆም የቆመው ፍርድ

አንድ ጊዜ አያ አንበሳ ድምፁ ጠፋ። የሚዳቋ አጥንት ጉሮሮውን ቧጭሮት ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከወንዝ ማዶ አንበሳ ጋር በግሳት ሲፎካከር ውሎ ነው ይላሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ የዱሩ ዳኛ አፉን ሲከፍት ከትንፋሽ በቀር የሚወጣ ነገር ጠፋ። ዳኛ ዝም ሲል ምን እንደሚሆን ደግሞ ታውቃላችሁ። የተበደለ ይበዛል፣ የበደለ ይደነፋል።

ከሁሉ የባሰባት እመት ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ቡሌ የሚባል ወንድና ምጥን የምትባል ሴት ውርንጭላ አሏት። አባታቸውን ተዉት። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል ሰምቶ፣ እንግዲያው እዚህ ምን እሠራለሁ ብሎ ቀድሞ ሄዷል። ዳለቻ ልጆቿን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። አያ ጅቦ ደግሞ ቀን በቀን እየመጣ ደጇ ላይ ይቀመጣል። ምንም አያደርግም፤ ቁጭ ብሎ ውርንጭሎቹን ያያል፣ ምራቁን ይውጣል። «ምን ፈለግህ?» ስትለው «መንገድ ደክሞኝ አረፍ ብዬ ነው» ይላል። ልጆቹ በፊት ለፊት በር መውጣት ትተው እንደ ሌባ በጓሮ በኩል ይሹለከለኩ ጀመር።

ቢጨንቃት ከሰሰችው። አያ አንበሳ መጥቶ እሷንም ሰማ፣ እሱንም ሰማ፤ ከዚያ ሁለቱም ባንድ ላይ መጮህ ሲጀምሩ እንቅልፉ መጣ። መናገር አይችል ነገር፣ ከጭቅጭቁ ለመገላገል ብቻ እዚያው ዳለቻ ደጅ ያለው ትልቅ ድንጋይ ላይ በጥፍሩ አንድ መስመር ጫር ጫር አደረገና ሄደ። የጻፈው እንዲህ ይላል፦

«ጅብ በአህያ ደጅ ቢገኝ ይበላል።»

እስቲ አንብቡት፣ ቀስ ብላችሁ። «ይበላል» የሚለውን አላልታችሁ ካነበባችሁት ጅቡ በላተኛ ነው፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያገኘውን ይጎርሳል። አጥብቃችሁ ካነበባችሁት ደግሞ ጅቡ ራሱ ምሳ ነው። ፊደላችን የሚላላውንና የሚጠብቀውን ለይቶ አይጽፍም፤ ለአፍ ይተወዋል።

እንስሳቱ ተሰብስበው አዩት፣ ራሳቸውን አከኩ። የአንበሳ ባለሟል እመት ጦጢት «ጌታዬ፣ ላልቶ ነው?» ብላ ጠየቀችው። አያ አንበሳ አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ወይስ ጠብቆ ነው?» አለችው። አሁንም አዎ ብሎ ነቀነቀ። ሲጽፍ አንዱንም አላሰበም ነበራ። ዓይኑ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው የጻፈው ነው፤ በልቡ የተቀመጠ ሌላ መልስ አልነበረም። የዚያ አገር ልማድ ደግሞ ፍርድ የሚጸናው በሸንጎ ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው። አንዴ ከተነበበ አይመለስም። ስለዚህ ለመጪው ቅዳሜ ቀጠሮ ተያዘ፣ እስከዚያ አያ ጅቦ ከደጁ ራቅ እንዲል ተነገረው። ከርከሮም ጥንቸልም «አህያም የለኝ ከጅብም አልጣላ» እያሉ ወደየቤታቸው ተበተኑ።

ዳለቻ ከድንጋዩ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ልጆቹ በዚያ ሰሞን የሚማሩት ከመምህር ቀበሮ ዘንድ ነበር። ቀበሮ መማሩስ ተምሯል። ብቻ ሲያስተምር ቶሎ እንዲገባቸው አይወድም፤ ያልገባው ተማሪ ነገም ይመጣል፣ ሲመጣም ጥሬ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡሌ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ ጆሮውን እንኳ ሳያራግፍ እናቱን «እማዬ፣ ሱፐርፖዚሽን ምንድን ነው?» አላት።

«ምን?»

«ሱፐርፖዚሽን። መምህር ናቸው ያሉት። የኳንተም ነው አሉ።»

«የማን ነው?»

ምጥን ወንድሟን አገዘችው። «ትንንሽ ነገሮች አሉ አሉን፣ እማዬ። ከአሸዋ ያነሱ፣ ከትቢያም ያነሱ። ቅንጣት ይሏቸዋል። አንዷ ቅንጣት ሳትታይ በፊት እዚህም እዚያም ናት፣ ባንድ ጊዜ። ሲያዩዋት ግን ወይ እዚህ ወይ እዚያ ትገኛለች። እንዴት ሆኖ ስንላቸው ቤታችሁ ጠይቁ አሉን።»

ዳለቻ አላውቅም ልትል አፏን ከፈተች። ግን ሁለቱም እንዲያ ዓይናቸውን አፍጥጠው ሲያዩዋት አፈረች። «ይሄማ ቀላል ነው» አለች። አንዲት ሽምብራ አነሳችና ዞር ብላ ከተደፉት ሁለት ቅሎች ባንዱ ሥር ደበቀቻት። «አሁን ሽምብራዋ የት ናት?»

«አላየንም» አለ ቡሌ።

«አያችሁ፣ እዚህም እዚያም ናት ማለት ነው።»

ልጆቹ ተያዩ። ምጥን በዕድሜ ታናሽ ናት፣ በምላስ ግን ታላቅ። «እማዬ፣ አትቆጪ እንጂ፣ ሽምብራዋማ አንዱ ሥር ናት። ያላወቅነው እኛ ነን። መምህር ደግሞ አለማወቅ አይደለም ነው ያሉት። በእውነትም ሁለቱም ቦታ ናት አሉ።»

ዳለቻ ቅሉን አነሳችው። ሽምብራዋ እዚያ ቁጭ ብላለች። አንስታ በላቻት፤ ሲጨንቃት መብላት ልማዷ ነው።

«እሺ፣ ቡሌ፣ ና በሩ ላይ ቁም። ግማሽህ ውስጥ፣ ግማሽህ ውጭ። በቃ፣ ይኸው እዚህም እዚያም ሆንክ።»

«ግማሽ ግማሽም አይደለም አሉ» አለ ቡሌ፣ የፊት እግሮቹ ውጭ የኋላዎቹ ውስጥ እንደሆኑ። «ልግባ እንዴ? ጅቡ ከሩቅ ያየኛል።»

እውነቱን ለመናገር ልቧ ከሽምብራውም ከበሩም አልነበረም። ልቧ ውጭ፣ ድንጋዩ ላይ ነው። ሰሞኑን እህል ስትፈጭም፣ ውሃ ስትቀዳም አንዴ አላልታ አንዴ አጥብቃ «ይበላል፣ ይበላል» ትላለች። አሁንም በሩን ስትዘጋ ከንፈሯ ያንኑ ሲል ድንገት ቆም አለች። ከምድጃው አመድ አወጣች፣ መሬት ላይ ደልድላ በሰኮናዋ «ይበላል» ብላ ጻፈችበት።

«ቡሌ፣ አንብብ» አለች።

ቡሌ አላልቶ አነበበ።

«አንቺስ?»

ምጥን ወንድሟን ለመቃረን ስትል ብቻ አጥብቃ አነበበች።

«ማናችሁ ተሳሳታችሁ?»

ሁለቱም አሰቡ። «ማናችንም» አለች ምጥን።

«እኔስ የጻፍኩት የትኛውን ነው?»

ቡሌ ጎንበስ ብሎ አመዱን አየው፣ አሸተተው፣ አነጠሰም። «ሁለቱንም» አለ።

«ግማሹን ይሄኛውን፣ ግማሹን ያኛውን?»

«አይደለም። ሙሉ በሙሉ ይሄኛው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ደግሞ ያኛው ነው።»

«አንዱ ከሌላው ሥር ተደብቋል? እንደ ሽምብራዋ?»

«የተደበቀ የለም» አለች ምጥን። «ፊደሉ ያው አንድ ነው።»

«መቼ ነው ታዲያ አንዱን የሚሆነው?»

«ስናነበው» አሉ ባንድ አፍ።

«እንግዲህ ያ ሱፐር ምናምን ያላችሁት ይሄው ነው» አለች ዳለቻ፣ ራሷም እየገረማት። «ቅንጣቷ ሳትነበብ ሁለቱም ናት። ሲያዩዋት ማንበባቸው ነው፤ ካነበቧት አንዷን ትሆናለች። ቃል ቃል ነው፣ ቅንጣትም ቅንጣት ናት፤ የእሷ ነገር ከዚህም ሳይረቅቅ አይቀርም። መንገዱ ግን በዚህ በኩል ሳይሆን አይቀርም።»

ቡሌ ደስ አለው፣ ሲደሰት እንደሚያደርገው በኋላ እግሩ አየሩን ረገጠ። ምጥን ግን ገና ታስባለች። «የትኛዋን እንደምትሆን ግን ቀድሞ አይታወቅም አሉ። ወደየት እንደምታዘነብል ብቻ ነው የሚታወቀው።»

«ወደየት እንደምታዘነብል» አለች እናትየው ቀስ ብላ።

ቡሌም መርገጡን ተወ። «እማዬ፣ ደጃችን ያለው ድንጋይም እንደዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አሁን እኛም ተበልተናል፣ ጅቡም ተበልቷል?»

«ገና ነው» አለች። ፈርታ ነበር፤ መፍራቷን ልጆቿ አወቁባትና ከሁለት ወገን መጥተው ተደገፏት።

በማግሥቱ ዳለቻ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ከአጋሙ ቁጥቋጦ በስተጀርባ ድምፅ ሰማች። ቆመች፣ ጆሮዋን አቀናች። የአህያ ጆሮ ተሳልቆበት አያልቅም እንጂ ሥራውን ያውቃል።

«ከእኔ በቀር በዚህ አገር ሸንጎ ፊት ቆሞ ፊደል የሚያነብ ማን አለ?» ይላል መምህር ቀበሮ። «አላልቼ አነብልሃለሁ። ያንተ ሥራ ቆሞ ማየት ብቻ። ዋጋዬ የወንዱ ውርንጭላ የኋላ እግር ነው።»

«ሙሉ እግር?» አለ አያ ጅቦ፣ እግሩ ገና ከአሁኑ ከአፉ የተነጠቀበት ያህል እያዘነ።

«ከነታፋው።»

«ሰኮናውን ብሰጥህስ? ሰኮናም ጥሩ ነው፣ ይቆያል።»

«አያ ጅቦ፣ ሰኮናውን አንተው ብላው።»

ጅቡም «እኔው ራሴ ባነበውስ? አንድ መስመር አይደለም እንዴ? አስጠናኝ» አለ። ቀበሮ ሳቀበት። ለመሳቂያ ያህል ግን «በል እንደ እኔ በል፣ ይበላል» አለው፣ ልስልስ አድርጎ። ጅቡም ልስልስ አድርጎ ደገመው። ቀበሮ ገረመው። «ጎበዝ ነህ። አሁን ደግሞ ያንን የጠገበ ታፋ እያሰብክ በለው።»

አያ ጅቦ ታፋውን አሰበ። ምራቁ አፉን ሞላው፣ ጥርሱ ገጠመ፤ ቃሉም ባለጌ ነጋዴ እንዳሰረው የአህያ ጭነት ጠብቆ ወጣ። እንደገና ሞከረ፤ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ላላ፣ ቀጥሎ ደግሞ ጠበቀ።

«አንተ ዝም በል» አለ ቀበሮ፣ ሳቁ ጠፍቶ። «አንባቢው እኔ ነኝ።»

ዳለቻ ውሃውን ሳትቀዳ ተመለሰች። የልጆቿ መምህር ልጆቿን በታፋ ሸጧቸዋል። እንባዋ መጣ፤ ግን ከእንባዋ ጋር አንድ ሐሳብም መጣ፣ ይህ ሐሳብ ደግሞ ከጅቡ ይልቅ አስፈራት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን አጠበቻቸው። ገብስ እስኪጠግቡ አበላቻቸው፣ ጀርባቸው እስኪያበራ በሣር ፈተገቻቸው። ቡሌ ግራ ገባው። «እማዬ፣ ሊበላን ለሚመጣው ነው የምታስውቢን?»

«ስሙኝ» አለቻቸው። «ፍርዱን ቀበሮ ካነበበው አልቆልናል። ጅቡ ራሱ ካነበበው ግን፣ ሥጋ ፊቱ ካለ አፉ ወደ ማጥበቅ ያዘነብላል። ማዘንበል ነው እንጂ እርግጥ አይደለም፤ ሲላላበትም ሰምቻለሁ። ከላላ እኔን ሳይገድል እናንተን አያገኝም። ከፊቱ ትቆማላችሁ?»

ቡሌ ወደ እናቱ ተጠጋ። ምጥን «እኔ ከበስተቀኝ ልቁም፤ ወፍራሙ ጎኔ እሱ ነው» አለች። ዳለቻ ልትስቅም ልታለቅስም ፈልጋ ሁለቱንም ዋጠችው።

ሸንጎው ተቀመጠ። ፍርዱ የተጻፈበት ድንጋይ ስለማይነቀል የተቀመጡት እዚያው ዳለቻ ደጅ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ የእኛው ጅብ በሚያውቁት አገር፣ የሁሉንም ዘመድ በበላበት አገር፣ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። አላነጠፉለትም። አያ አንበሳ ጥላ ሥር ተጋደመ፣ ጦጢት ከጎኑ ተቀመጠች። መምህር ቀበሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ድንጋዩ ተራመደ።

«በሕግ አምላክ» አለች ዳለቻ።

ቀበሮ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። በሕግ አምላክ ተብሎ የሚራመድ የለም።

«መምህር ልጆቼን የሚያስተምሩ ናቸው። ዛሬ ፍርድ ቢያነቡ ለወዳጅ አደሉ ይባላሉ፤ ስማቸው ይጎድፋል፣ እኔ ደግሞ እንደዚያ እንዲባሉ አልፈልግም። አያ ጅቦ ባለጉዳይ ነው፣ በዕድሜም በጥርስም ይበልጠናል። እሱው ያንብበው። እኔ በእሱ አፍ እዳኛለሁ።»

ሸንጎው አጉረመረመ። «አብዳለች» አለች ጥንቸል። ጦጢት ወደ አንበሳው ዞረች፤ አንበሳው ነቀነቀ።

ቀበሮ ጅቡን ጆሮው ሥር «እምቢ በል፣ አልችልም በል» አለው።

አያ ጅቦ ማንሾካሾክ አያውቅም። «ታፋውን ልታስቀርብኝ ነው?» አለ፣ ሁሉ እየሰማ። «ራሴ ካነበብኩት ሁሉም የእኔ ነው።» ቀበሮን በትከሻው ገፋ አድርጎ ድንጋዩ ፊት ተገተረ። ፊደልስ አያውቅም፤ ግን መስመሩን ቀበሮ ሲለው ሰምቶ በቃሉ ይዞታል።

ዳለቻ ልጆቿን አመጣቻቸውና ከድንጋዩ አጠገብ፣ ከአፍንጫው ሥር አቆመቻቸው። ጀርባቸው በፀሐይ ያበራል።

«ጅብ» አለ አያ ጅቦ፣ በመልካም ድምፅ። ስሙ ነውና አልከበደውም።

«በአህያ» አለ። ዓይኑ ከድንጋዩ ተነስቶ ቡሌ ታፋ ላይ አረፈ።

«ደጅ ቢገኝ» አለ፤ ምራቁ በአገጩ ወረደ።

ከዚያ ቆመ። ላላ ማለት እንዳለበት ያውቃል፣ ቀበሮም ከኋላ በዓይኑም በጅራቱም ላላ፣ ላላ ይለዋል። በዚያች ሰዓት ልጆቿ ተበልተውም ነበር፣ ድነውም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም፣ ጅቡም አንበሳውም። ዳለቻ ምነው ይህን ባላደረግሁ አለች በልቧ። ምጥን በዚህ መሐል ወፍራሙን ጎኗን ትንሽ ወደ ጅቡ አዞረችው።

«ይበላል» አለ አያ ጅቦ።

ጥርሱ ገጥሞ፣ አፉ ሞልቶ፣ እንዲያ ጠብቆ ወጣ። ጆሮዋ የማይሰማው ኤሊ እንኳ ሰማችው።

«ጠበቀ» አለች ጦጢት።

«ጠበቀ፣ ጠበቀ» አለ ሸንጎው።

«ምራቅ ነው» አለ ጅቡ። «ምራቅ ነው ያጠበቀብኝ። ልድገመው፣ አላልቼ ልድገመው።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አያ ጅቦ» አለችው ጦጢት። «ተነበበ፣ አለቀ። ጅብ በአህያ ደጅ ከተገኘ ምሳ ነው ተብሏል፣ በራስህ አፍ።»

አያ ጅቦ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ቡሌ አቀርቅሮ የጅቡን እግሮች አየ። «እመት ጦጢት፣ አያ ጅቦ አሁን የቆመው የማን ደጅ ነው?» አለ።

ሁሉም አየ። ጅቡም አየ። አያ አንበሳ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ የታመመው ጉሮሮው ነው እንጂ ጥርሱ ደህና ነው።

አሳደደው። እዚህ ላይ ተበላም አልተበላምም እንድላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አይደለም፣ ሲሮጥ ሁላችንም አይተነዋል፤ ከገዛ ታፋው ቁራጭ ሥጋ ለአንበሳው ትቶ ወንዙን ተሻገረ፣ በዚያ ደጅ ዳግመኛ አልታየም። መምህር ቀበሮም «እኔ ቀድሞም ጠብቆ ነው እል ነበር» እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ዋለ፤ ጥሬ ይዞ የሚሄድለት ተማሪ ግን ከዚያ ወዲያ አላገኘም።

ሸንጎው ሲበተን ዳለቻ ደጇ ላይ ተዘረፈጠች። ልጆቹ በፊት ለፊቱ በር ወጡ፣ ገቡ፣ ደግመው ወጡ፣ ማንም አልከለከላቸውም። ምጥን ድንጋዩ ፊት ቆማ መስመሩን ጮክ ብላ አነበበች፣ አጥብቃ። ከዚያ ዞረች።

«እማዬ፣ የላላው የት ሄደ?»

ዳለቻ አሰበች። ሽምብራ ቢኖር ትበላ ነበር። «አላውቅም፣ ልጄ» አለች፣ ይህን ጊዜ ሳታፍር። «የተማሩትም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል አሉ። እኔ ግን እናንተ እዚህ መሆናችሁን አየሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ያልተነበበ ቃል ሁለቱንም ሆኖ እንደሚቆይ፣ ለእኔ በሚጠቅመኝ ብቻ ይነበብ ብሎ የሚስገበገብ አፍ ግን ቃሉን በገዛ ራሱ ላይ እንደሚያጠብቀው ነው።